መሬት ላይ ያለ ጊዜ

እኔ ለአብራሪነት የተቀጠርኩት በኪሎዬ ነው። ይህን የምለው ለጨዋታ አይደለም፤ የቅጥር ደብዳቤዬ አሁንም እጄ ላይ አለ። «አመልካች ይርዳው፣ አምሳ አንድ ኪሎ፣ ተቀባይነት አግኝቷል» ይላል።

አገራችን ገደል የበዛባት አገር ናት። ስሟን አልጠራም፤ የሚያውቃት ያውቃታል። ከዋናው ከተማ እስከ ሐይቁ ከተማ በመኪና ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በአውሮፕላን ግን አምሳ ደቂቃ ነው። በዚህ ምክንያት ሦስት ትንንሽ አውሮፕላኖች ያሉት አንድ ኩባንያ ተቋቋመ። እያንዳንዱ አውሮፕላን አሥራ ዘጠኝ መንገደኛ ይይዛል፤ ዶሮ ካልተቆጠረ።

የፈተናው ቀን ሦስት ፈታኞች ተደርድረው ተቀምጠው ነበር። አንዱ የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ የነበሩ፣ ሁለተኛው ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ሦስተኛው ማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። በክፍሉ መሐል የእህል ሚዛን ቆሟል።

«ውጣበት» አሉኝ ዳኛው።

«የአብራሪነት ፈቃዴን ይዤ መጥቻለሁ።»

«እሱ አይከብድም፤ ይዘኸው ውጣ።»

ወጣሁ። አምሳ አንድ። ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩና ፈገግ አሉ። አብራሪው በቀለለ ቁጥር ጭነት ይጨመራል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩት ሰውዬ አራት ሺህ ሰዓት ያበረሩ ናቸው፤ ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ግን ሰማንያ ስምንት ሆኑ። «ልምድዎ ከብዷል» ብለው በአክብሮት ሸኟቸው።

የደመወዙ ደንብ አጭር ነው። አብራሪ የሚከፈለው ጎማው ከመሬት ከተላቀቀበት ቅጽበት ተመልሶ መሬት እስከነካበት ቅጽበት ድረስ ላለው ጊዜ ብቻ ነው። የኩባንያው የደንብ መጽሐፍ አንቀጽ ዘጠኝ «መሬት ላይ ያለ ጊዜ የሥራ ጊዜ አይደለም» ይላል። ይህን የሚቆጣጠር «የሰማይ ሰዓት ቆጣሪ» የሚባል ሹም በየማኮብኮቢያው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰዓት ይይዛል። ታማኞች ናቸው። አንድ ቀን ስናርፍ አውሮፕላኑ ነጥሮ ሁለት ሜትር ያህል እንደገና ቢነሳ፣ ቆጣሪው ሦስት ሰኮንድ ጨምሮልናል።

እንግዲህ የአንድ ቀን ሥራዬ ይህን ይመስል ነበር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እመጣለሁ። መንገደኛ እመዝናለሁ፣ ሻንጣ እጭናለሁ፣ ወንበር እጠርጋለሁ፣ ያረፈደ ሹም እጠብቃለሁ፣ ጭጋግ እስኪነሳ እቀመጣለሁ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ከዚህ ሁሉ ሥራ የተባለው አራት ሰዓት አይሞላም። ስለ ጭጋጉ አንድ ጊዜ ቅሬታ አቅርበን፣ በማግሥቱ ግድግዳው ላይ «ጭጋግ የአብራሪው የግል ጉዳይ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። በሌላ አገር አብራሪ ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ሲያገኝ ይደሰታል አሉ። እኛ ጋ «ዛሬ ነፋሱ እንዴት ነው?» ሲባል «ግሩም ነው፣ ፊት ለፊት ነው!» ነበር መልሱ።

የበረራው ፕሮግራም ደግሞ በቅጥር ቁጥር ይሄዳል። አብራሪዎቹ ዘጠኝ ነን። ቀድሞ የተቀጠረ ቁጥር አንድ ነው፤ ኋላ የመጣሁት እኔ ቁጥር ዘጠኝ ነኝ። ቁጥራችን ትከሻችን ላይ ተሰፍቷል። ሻይ ቤቱም ቢሆን በቁጥር ነው የሚቀዳው፤ የእኔ ሻይ ሞቆ አያውቅም። በየወሩ መጀመሪያ ቁጥር አንድ የዕረፍት ቀኑን ይመርጣል፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት። እሁዱና በዓሉ ሁሉ ለእኔ የሥራ ቀን ሆኖ ይተርፈኛል። የፕሮግራም ኃላፊዋ እትዬ ብርነሽ ደግ ሴት ናቸው፤ ቀኖቼን ሲነግሩኝ ሁልጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሐዘን እንደሚያረዱ ሰው ነው።

«እሁድ፣ እሁድ፣ የመስቀል ዋዜማ፣ እሁድ... አይዞህ ልጄ።»

አትጠገብን ያገኘኋት በዚህ መሐል ነው። ቀያሽ ናት፤ የሐይቁን ዳርቻና የከተማውን መሬት የምትለካ። ኩባንያችን የሐይቁ ከተማ ማኮብኮቢያ ርዝመቱ እንዲረጋገጥ ጠይቆ ነበርና እሷ ተላከች። እኔ እንደተለመደው ጭጋግ ይዞኝ አውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ተቀምጫለሁ።

«አንተ፣ ሥራ ላይ ነህ?» አለችኝ።

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው የሜትሩን ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዝኩላት። ማኮብኮቢያው ወረቀት ላይ ካለው በስድሳ ሜትር አጥሮ ተገኘ። አትጠገብ ተጠራጥራ ሁለተኛ ለካችው፤ ያው ነው። ሴትዮዋ በስንዝር የማትሳሳት ሰው እንደሆነች ያን ቀን ገባኝ። ኩባንያው ልኬቱን በምስጋና ተቀብሎ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ርዝመት እንዲቀጥል ወሰነ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጭጋግ ሲመጣ ማማረር ተውኩ።

ልንጋባ ቀን ቆረጥን። እሁድ ነበር፤ እትዬ ብርነሽ በስንት ልመና አንዲት እሁድ ነፃ አወጡልኝ። ዓርብ ከሰዓት ቁጥር ስድስት ጥርሱን አመመው፤ የቁጥር ስድስት ጥርስ ከቁጥር ዘጠኝ ሠርግ ስለሚበልጥ እኔ በረርኩ። ሁለተኛ ቀን ቆረጥን። ይህኛው ሐሙስ ነበር፣ ሐሙስን የሚመርጥ ሰው የለም ብለን። ረቡዕ ወደ ደጋው ከተማ ሄጄ ጭጋግ ሁለት ቀን አቆየኝ። ዓርብ በሐይቁ ከተማ በኩል ሳልፍ አትጠገብ ማኮብኮቢያው ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። ለቅሶ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«ጥሩ ሠርግ ነበር» አለችኝ። «ዘፈኑም ምግቡም። የጎደለው ሙሽራ ብቻ ነው፤ መጉደሉንም ከበሉት ሰዎች ግማሾቹ ልብ አላሉም። አባቴ አጠገቡ የተቀመጠውን የመብራት ኃይል ሠራተኛ ሲመርቀው አመሸ።»

«ምን ላድርግ አትጠገብ?»

«ከበታችህ ሰው አስቀጥር። ቁጥር አሥር ካለ እሁዱ ለእሱ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ፤ ሁለት መነጽር አላቸው፣ አንዱን የሚያደርጉት እምቢ ሲሉ ነው። ያን ቀን ሌላውን አድርገው ነበር።

«ትክክል ነህ። እንቀጥራለን» አሉ።

ማስታወቂያው በሳምንቱ ወጣ። ተፈላጊው ሰው «በዚህ ኩባንያ አውሮፕላን ውስጥ አንድ ሺህ ሰዓት ያሳለፈ፣ ነገር ግን በዚህ ኩባንያ ተቀጥሮ የማያውቅ» መሆን አለበት ይላል። በአገሪቱ ሌላ እንዲህ ዓይነት አውሮፕላን ያለው ኩባንያ የለም። ማንም አይመጣም ብዬ ስተክዝ አንድ ሰው መጣ። አቶ ደምመላሽ፣ የበርበሬ ነጋዴ። አሥራ ሁለት ዓመት በየሳምንቱ ከሐይቁ ከተማ ወደ ዋናው ከተማ በኛ አውሮፕላን ተመላልሷል። የበረራ ትኬቶቹን በከረጢት ይዞ ቀረበ። ፈታኞቹ አንድ በአንድ ደመሩ፤ አንድ ሺህ አርባ ሰዓት። በአውሮፕላናችን ውስጥ ከእሱ የበለጠ የቆየ ከቁጥር አንዱ ከካፒቴን መንገሻ በቀር የለም። ኪሎው ዘጠና ሦስት ነበር፤ እሱ ብቻ ትንሽ አከራከረ። በመጨረሻ ኪሎው እስከ ዛሬም አውሮፕላኑ ውስጥ ስለነበረ እንደ አዲስ አይቆጠርም ተብሎ ቁጥር አሥር ተሰፋለት።

አቶ ደምመላሽ ጥሩ ሰው ነው፤ ማብረር ግን አይችልም። ይህ ሲታወቅ ከዝርዝሩ ላይ እንዳይሰረዝ ደንብ ያግዳል፣ ፕሮግራም ውስጥ እንዳይገባ ደግሞ እትዬ ብርነሽ እምቢ አሉ። እኔ ከአሥር ዘጠነኛ ሆንኩ። እሁዱም እንደ ድሮው የእኔ ሆነ።

በዚህ ላይ እያለን ለአትጠገብ ደብዳቤ መጣላት። ለሁለት ዓመት ወደ በረሃው ድንበር ተዛውራ እንድትለካ። ያቺ በረሃ አውሮፕላን አይሄድባትም፤ ደብዳቤ እንኳ የሚሄደው በግመል ነው። ከዝውውሩ የሚያድን አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ባለትዳር ቀያሽ ያለ ባሏ ፈቃድ አይዛወርም። የጋብቻ ወረቀቷን ሰኞ ጠዋት ማቅረብ አለባት። ደብዳቤውን ያሳየችኝ ማክሰኞ ነው።

«ሮጠን ማዘጋጃ ቤት እንፈራረም» አልኩ።

«መቼ? እዚህ የምትቆመው አርባ ደቂቃ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ደርሶ መልስ ሰዓት ተኩል ነው፤ ለክቼዋለሁ።» ከዚያ እጇን ዘረጋች። «እስኪ ያን የደንብ መጽሐፋችሁን አምጣው።»

አመጣሁላት። ውሉን እንደምታነብ፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«መሬት ላይ ያለ ጊዜ የሥራ ጊዜ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ታዲያ መሬት ላይ ስትሆን የማን ነህ?»

«የማንም።»

«የማንም ከሆንክ የእኔ ነህ። እሁድ አምስት ሰዓት ታርፋለህ፣ አምስት ከአርባ ትነሳለህ። ማዘጋጃ ቤቱን እኔ ወደዚህ አመጣዋለሁ።»

ቅዳሜ እትዬ ብርነሽ ወደ ቢሮአቸው ጠሩኝ። በሩን ዘጉ።

«ነገ አብሮህ የሚበረው ማን መሰለህ? ካፒቴን መንገሻ! ዕረፍታቸውን ትተው እሁድ ልብረር አሉ። ሁለት ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ ጆሮዬን አላመንኩም።»

ካፒቴን መንገሻ ቁጥር አንድ ናቸው። በሃያ ሁለት ዓመት አንድም እሁድ በረው አያውቁም። ፈራሁ፤ ሊያስተጓጉሉኝ ይሆን አልኩ። ጠዋት ከተነሳን በኋላ ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«ካፒቴን፣ ዛሬ እንዴት መጡ?»

ፊታቸው ወደ ደመናው ነው።

«ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እሁድ ይረዝምብኛል» አሉ። «አራት ዓመት ሆነ። ቁጥሬ ግን አንድ ነው፤ ቁጥር አንድ እሁድን ለዕረፍት ካልመረጠ ሰው ይስቃል። ሠርግ እንዳለህ ስሰማ ጥሩ ምክንያት ሆነልኝ። መሪውን ያዝ፤ ሙሽራ እጁ ሥራ ከፈታ ይንቀጠቀጣል።»

አንድ ችግር ብቻ ነበር። አቶ ልሳነወርቅ ያን ቀን አብረውን ተሳፍረዋል። ለሐይቁ ከተማ አዲስ የመንገደኛ ሚዛን ተልኮ ነበርና ሊመርቁት ነው የሚሄዱት። ሁለቱንም መነጽር ይዘዋል።

አምስት ሰዓት ሲሆን አረፍን። በማኮብኮቢያው አጥር ዳር ድንኳን ተተክሏል። አትጠገብ ጎማው ከሚቆምበት እስከ ድንኳኑ ሃያ ሁለት እርምጃ አድርጋዋለች፤ ከዚያ ቢርቅ ደቂቃ ይበላል ብላ። ነጭ ልብሷ ላይ የሥራ ሰዓቷን አስራ ቆማለች። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ትልቁን መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ብዕሩን አዘጋጅቷል። ሁለት መቶ ሰው ያህል በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። የመንገደኛውን በር ከፍቼ ደረጃውን ዘረጋሁና ኮቴን ከእትዬ ብርነሽ በተዋስኩት የልብስ ብሩሽ ጠርጌ ወረድኩ። እልልታው ሲነሳ አቶ ልሳነወርቅ ለአዲሱ ሚዛን መስሏቸው እጃቸውን አውለበለቡ።

ሩጫውን አሳጥሬ ላውጋችሁ። ሽማግሌዎቹ ጥያቄያቸውን በአራት ደቂቃ ጨረሱ፤ ተለማምደው ነበር። ምስክሮቹ ፈረሙ። እኔ ስፈርም ቸኩዬ ስሜን ያበላሸሁት ይመስለኛል። አትጠገብ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፏ ፈረመች። ቀለበት ተደረገ። ከዚያ ምርቃት ነው፤ አባቷ አቶ ወንድይራድ ተነሱ። ሦስት ደቂቃ ብቻ ተብለው ከልጃቸው ጋር ተማምለዋል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አትጠገብ ክንዳቸውን ነካ አደረገቻቸው።

«አባባ፣ ሦስት ነበር ያልነው።»

«ሦስት ለአንድ ሰው ነው፤ እናንተ ሁለት ናችሁ» አሉና ወደ ከብቱ፣ ወደ ዝናቡ፣ ወደ ሐይቁ ዓሣ ምርቃት ተሻገሩ።

አምስት ከአርባ ሆነ። አብረውን ከሚመለሱት ከአቶ ልሳነወርቅ በቀር አሥራ ስምንቱ መንገደኞች ተሳፍረው ተቀምጠዋል። አቶ ልሳነወርቅ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መነጽራቸውን ለወጡ።

«ይርዳው!» ብለው ጮኹ። «ምን ትሠራለህ እዚያ? መንገደኛ ተቀምጧል! ሥራ ላይ ነህ እኮ!»

ዘፈኑ ቆመ። አቶ ወንድይራድ እንኳ ምርቃታቸውን አቋረጡ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሥራዬን ወድጄ የተማርኩት ነው፤ ብባረር የምሄድበት ሌላ ኩባንያ በአገሩ የለም። ልሮጥ እግሬን አንስቼ ነበር። አትጠገብ ግን እጄን አልለቀቀችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«ጌታዬ፣ ሥራ ላይ ነው አሉ?»

«አዎ! ሥራ ላይ ነው!»

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ቀና አለ። «ይጻፍ?» ሲል ጠየቀ። «የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ፣ መሬት ላይ ያለ አብራሪ ሥራ ላይ ነው ብለዋል፤ በሁለት መቶ ምስክር ፊት። ቀን አለው፣ ማኅተም አለኝ።»

አቶ ልሳነወርቅ ብዕሩን አዩት። የዘጠኝ አብራሪዎች ያልተከፈለ ደመወዝ፣ በቀን አሥር አሥር ሰዓት፣ ስንት ዓመት ወደኋላ እንደሚሄድ በዓይናቸው ውስጥ ሲያልፍ አየሁት።

«አ... አይጻፍ» አሉ። «ሥራ ላይ አይደለም።»

«እንግዲያው የግሉ ጊዜ ነው» አለች አትጠገብ። «ኑ፣ ይቅረቡ፤ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ።»

«ካፒቴን መንገሻ!» አሉ አቶ ልሳነወርቅ ወደ አውሮፕላኑ ዞረው። «እርስዎ እንኳ አንድ ነገር ይበሉ!»

ካፒቴን መንገሻ ከአብራሪ መቀመጫቸው ወርደው፣ ኮፍያቸውን በክንዳቸው ይዘው፣ ሃያ ሁለቱን እርምጃ ተራመዱና ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀመጡ። «እኔም መሬት ላይ ነኝ» አሉና እጃቸውን ታጠቡ።

ሥራ አስኪያጁ ዙሪያውን ቃኙ። ዓይናቸው አቶ ደምመላሽ ላይ አረፈ። በርበሬውን ሊጭን መጥቶ ሁለተኛ ሳህን ላይ ደርሷል።

«አቶ ደምመላሽ! አንተ አብራሪ አይደለህም እንዴ? ግባና አስነሳው!»

አቶ ደምመላሽ ጉርሻውን ዋጠ። «ጋሼ፣ እኔ መስኮት ዳር ነው የምቀመጠው» አለ።

ከአውሮፕላኑ ውስጥ መንገደኞቹ በአንድ ድምፅ «አይሆንም! አይሆንም!» ሲሉ ተሰማ፤ ቀጥሎም አንድ በአንድ ደረጃውን እየወረዱ መጡ። ወጡ በማኮብኮቢያው ላይ ሸቶ ነበርና እስካሁንም መቆየታቸው ይገርማል። የሰማይ ሰዓት ቆጣሪውም ወንበሩን ይዞ መጣ፤ በዚያ ሁኔታ የሚቆጥረው ነገር አልነበረውም። አቶ ልሳነወርቅ ብቻቸውን ደረጃው ላይ ቀሩ። ጥቂት ቆይተው መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። መጥተው ተቀመጡ። አቶ ወንድይራድ ይህን ሲያዩ ደስ ብሏቸው ምርቃቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት።

ስምንት ሰዓት ላይ ልንነሳ ስንል አዲሱ ሚዛን ሥራ ጀመረ። መንገደኞቹ አንድ በአንድ እንደገና ተመዘኑ፤ ሁሉም በልተዋል። ጠቅላላው ከሚፈቀደው በሰማንያ ኪሎ በልጧል። ማኮብኮቢያው ደግሞ ወረቀት ላይ ካለው በስድሳ ሜትር ያጠረ ነው። ካፒቴን መንገሻ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ሰው ይወርዳል። በደንቡ መሠረት ያለ ትኬት የተሳፈረ ነው የሚቀድመው።»

ያለ ትኬት የተሳፈሩት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ተመዘኑ፤ ሰማንያ አንድ። አቶ ልሳነወርቅ ከሚዛኑ ወርደው ዞሩ። እንዲያውም ወደ ድንኳኑ ሲመለሱ እርምጃቸው ፈጠን ያለ ይመስላል። እኔ የሠርጌን ዕለት ወደ ዋናው ከተማ በረርኩ፤ አቶ ልሳነወርቅ በሠርጌ ቤት እስኪመሽ ጨፈሩ። እስክስታ ሲወርዱ ማን እንደሚስተካከላቸው እስከ ዛሬ በሐይቁ ከተማ ይወራል። አትጠገብ ሰኞ ጠዋት ወረቀቷን አቀረበች፤ ዝውውሩም ተሰረዘ።

ጉዳዩ ግን በዚህ አላበቃም። ሥራ አስኪያጁ በሠርጉ ቤት ሆነው ሁለት ደብዳቤ ጽፈው ነው የተመለሱት። የመጀመሪያው ለሁላችንም ነው። «መሬት ላይ ያለ ጊዜ የሥራ ጊዜ አይደለም፤ የአብራሪውም የግል ጊዜ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ተጠባባቂ ጊዜ ተብሏል። በተጠባባቂ ጊዜ አብራሪው ቀበቶውን ታጥቆ በመቀመጫው ላይ ይቆያል።» በዚህ ሁኔታ ከአውሮፕላኑ በር ጋር አብረን የምንዘጋ ሆንን። ቁጥር ስድስት ጥርሴን አመመኝ ቢልም ሐኪሙ ወደ መቀመጫው መጥቶ አየለት።

ሁለተኛው ደብዳቤ ለእኔ ብቻ ነው። እጅ ጽሑፉ ትንሽ ተዛብቷል፤ ጠጁን ተከትሎ የተጻፈ ይመስለኛል። «አብራሪ ይርዳው የሦስት ቀን የጫጉላ ፈቃድ ተሰጥቶታል። ሆኖም ተተኪ አብራሪ ስለሌለ ፈቃዱን በሐይቁ ከተማ በሚያርፍበት ጊዜ፣ በአርባ አርባ ደቂቃ እየከፋፈለ፣ ከመቀመጫው ወርዶ እንዲጠቀምበት ተወስኗል።»

እትዬ ብርነሽ አነበቡትና እንባቸው መጣ፤ ከሳቅ ይሁን ከሐዘን አልለየሁም። አትጠገብ ግን ስነግራት እርሳስ አወጣች።

«ሦስት ቀን ሰባ ሁለት ሰዓት ነው። በአርባ ደቂቃ ሲካፈል መቶ ስምንት።» ቀና ብላ አየችኝ። «መቶ ስምንት ጊዜ ትመጣለህ ማለት ነው። ይህ የአራት ወር ጫጉላ ነው፤ ከዚህ የረዘመ ያለው ሰው ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ጀመርነው። እኔ ቀበቶዬን ፈትቼ ስወርድ እሷ አጥሩ ዳር በምንጣፍ ላይ ምሳ አቅርባ ትጠብቀኛለች። አንድ ቀን ዓሣ፣ አንድ ቀን ሽሮ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሁለታችንም ደክሞን ዝም ብለን ሐይቁን አይተን እንነሳለን። ተጣልተን የታረቅነውም በአርባ ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ለኩርፊያ ጊዜ አልነበረንም። ካፒቴን መንገሻ እሁድ እሁድ ከእኔ ጋር መብረር አዘወተሩ። ተጠባባቂ ስለሆኑ መውረድ አይችሉም፤ አትጠገብ ግን የእሳቸውን ድርሻ በመስኮቱ በኩል ታቀብላቸዋለች። ዝናብ ሲመጣ በክንፉ ሥር እንጠለላለን። አጥሩ ዳር የሚቆሙ ሰዎች መጀመሪያ መጀመሪያ ያዩን ነበር፤ ኋላ ለምደውን ጀርባቸውን ሰጡን።

አትጠገብ እያንዳንዷን ቀን በመለኪያ ደብተሯ ላይ በጭረት ትመዘግባለች። እኔ ደግሞ በልቤ እቆጥራለሁ። ዘጠና ካለፈ በኋላ ቁጥሩን ሁለታችንም አንጠራውም። የሐይቁን ዳርቻ ለክታ ጨርሳ ወደ ዋናው ከተማ እስክትመጣ ገና ዓመት ይቀራታል፤ እኔም ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ሃያ ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ቀበቶ ታጥቄ፣ በመስታወት ውስጥ ነው የማያት።

አንድ ረቡዕ ቀን፣ ደመና በሌለበት፣ ወርጄ ተቀመጥኩ። ምሳው ከወትሮው በዛ ብሏል። በላን፣ ተጫወትን። ልነሳ ስል እጇን ያዝኩ።

«እንግዲህ አትጠገብ፣ ዛሬ አለቀ። መቶ ስምንት ነው።»

ደብተሯን አወጣች። ገጹን ገለጠች። ጭረቶቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች፤ ያ በስንዝር የማይሳሳት ጣት ሦስተኛው መስመር ላይ አንዱን ጭረት ሳይነካ ሲዘልል በዓይኔ አየሁት። ደብተሩን ዘጋችና ፊቷ ሳይስቅ አየችኝ።

«ተሳስተሃል» አለችኝ። «መቶ ሰባት ነው። ነገ ና።»